ነገ ስለ አይጥ አናወራም

አይጥ የቤት እንስሳ ናት። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም። ያለው ተራ ቁጥር 23 ነው። እኔ የዚያን ቀን ደጋግሜ ያልኩት «ዝም በሉ» ብቻ ነው፤ እሱንም የሰማኝ የለም።

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ነው። የልጆቹን ስም አልጽፍም። አሁን አድገዋል፣ ስልክ ይዘዋል፣ ያነቡኛል። በስም መጥሪያው ተራ ቁጥራቸው ልጥራቸው። 58 ነበሩ። ያኔ መንግሥት ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ ይበቃል ይል ነበር። ስምንቱ ትርፎች እነማን እንደነበሩ ዛሬም ብትጠይቁኝ አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ።

እኔ ደግሞ ገና መምህር አልነበርኩም። ፕራክቲከም፣ ማለትም የማስተማር ልምምድ፣ የወጣሁ የኮሌጅ ተማሪ ነበርኩ። ኮሌጅ የገባሁት እንዴት ነው ካላችሁ የ10ኛ ክፍል ውጤቴ ለመሰናዶ አልበቃ ብሎ ነው። ያኔ መሰናዶ ያልገባ ልጅ «ቲቺንግ ደረሰው» ይባል ነበር። «ደረሰው» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። ዕቁብም ይደርሳል፣ መርዶም ይደርሳል። አጎቴ ዜናውን ሲሰማ ጋቢውን አጣፍቶ ተቀመጠና ብዙ ዝም ብሎ «ምን ይደረግ፣ ዋናው ጤና ነው» አለ። እናቴ ቡና አፈላች። ጎረቤት መጣ። የቀረው ድንኳን ብቻ ነበር።

የደረሰኝ ዘርፍ ጀነራሊስት ይባል ነበር። ስሙ ሲጠራ ጄኔራል ጄኔራል ይሸታል፤ አጎቴም ለጊዜው በዚህ ተጽናንቶ ነበር። ትርጉሙ ግን ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ሒሳቡንም፣ አማርኛውንም፣ የአካባቢ ሳይንሱንም፣ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ስፖርቱንም አንድ ሰው ብቻውን በአንድ ደመወዝ ያስተምራል ማለት ነበር።

ኮሌጅ ውስጥ ስለ ልጆች ብዙ ተማርን። በተለይ የልጆችን አስተሳሰብ ስላጠናው ስለ ፒያዤ። እኛ «ፒያጄት» ነው የምንለው፤ አስተማሪያችንም እንደዛ ነው የሚሉት፣ ሰውዬው ራሱ ቢመጣ በስሙ ሊታረም ይችላል። እሱ እንደሚለው ልጅ ከ7 ዓመቱ ገደማ ጀምሮ ነገሮችን በየዓይነታቸው መመደብ ይችላል። በጣም ደስ አለኝ። የተሰጠኝ ርዕስ «የቤት እንስሳትና የዱር እንስሳት» ነው። ተማሪዎቼ 7 ዓመታቸው ነው። ሥራው አልቆ የለ! በኋላ ግን አንድ ነገር አወቅኩ። ሰውዬው ስለ ጨቅላ ልጆች የጻፈውን ሲጽፍ አብዝቶ የተመለከተው የገዛ ልጆቹን ነው። ስንት ቢሆኑ ጥሩ ነው? ሦስት። ሦስት ልጅ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ እናታቸው አጠገባቸው ቁጭ ብላ። 58 ልጅ ይዞ ሽሮ ሜዳ ቢመደብ ኖሮ መጽሐፉ ሌላ መጽሐፍ ይሆን ነበር።

አዎ፣ እኔ የተመደብኩት ሽሮ ሜዳ፣ እንጦጦ ግርጌ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ሜንተር ተብለው የተሰጡኝ መምህርት ወደ 30 ዓመት ያስተማሩ ናቸው። የድሮው የመምህራን ማሠልጠኛ፣ የቲቲአይ ምሩቅ፤ የሠለጠኑት አንድ ዓመት ብቻ። ፒያጄትን አያውቁትም። ክፍል ሲገቡ አይናገሩም፣ አይቆጡም፣ ነጠላቸውን ብቻ ያስተካክላሉ። 58 ልጅ ቀጥ! እኔ ሦስት ዓመት የተማርኩት ሰውዬ ገብቼ አጨበጭባለሁ፣ ዳስተር እደበድባለሁ፣ እስከ ሦስት እቆጥራለሁ፣ ከሦስት በኋላ ምን እንደሚመጣ ስለማላውቅ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። አንድ ሰሞን የሳቸውን ነጠላ ተውሼ ልግባ ወይ ብዬ ሁሉ አስቤ ነበር።

ለትምህርቱ ሦስት ገጽ ዕቅድ ጻፍኩ። መግቢያ 5 ደቂቃ፣ ገለጻ 15 ደቂቃ፣ የቡድን ውይይት 12 ደቂቃ፣ ምዘና 5 ደቂቃ፣ ማጠቃለያ 3 ደቂቃ። ድምር 40፤ አንዲት ደቂቃ አትተርፍም፣ አትጎድልም። የመምህሩ ተግባር የሚል አምድ አለው፣ የተማሪው ተግባር የሚል አምድ አለው። ዳኝነት የሚል አምድ ግን የለውም። ስህተቱ እዚያ ጋ ነው።

አንደኛ ክፍል የገባ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ዳኝነት ነው። ማስተማር ከችሎት በተረፈ ሰዓት የሚሠራ ትርፍ ሥራ ነው።

«ቲቸር፣ አየኝ።»

«ማን?»

«እሱ።»

«ቢያይህስ?»

«እንደዚህ አድርጎ ነዋ ያየኝ።» አሳየኝ። እውነትም መጥፎ አስተያየት ነው። ተከሳሹን አስነሳሁት። «መጀመሪያ እሱ አየኝ» አለ። ምስክር ጠየቅኩ። 56 ምስክር ተነሣ።

ይቺ አንዷ ናት። እርሳስ የጠፋበት አለ፣ ሲፈለግ ጆሮው ላይ ይገኛል። «እናትህ አለኝ» የሚል አለ። «እናትህ ምን?» ስትሉት «እናትህ ብቻ» ይላል። ያንን ስትፈቱ ተራ ቁጥር 9 አንገቱን ደብተሩ ላይ ሰብሮ ታዩታላችሁ። የታመመ ይመስላል። አልታመመም፣ እያጠፋ ነው። ላጲሱ እንዳይጠፋ እናቱ መሐሉን በስታ በክር አንገቱ ላይ አስራለታለች። አባቱ ሸማኔ ናቸው፤ ክሩ ከማጉ የተረፈ ነጭ ጥጥ ነው። ክሩ በተበጠሰ ቁጥር ይቋጠራል፣ በተቋጠረ ቁጥር ያጥራል። እኔ ስደርስ በጣም ከማጠሩ የተነሳ ላጲሱ ደብተር የሚደርሰው አገጩ ደብተር ሲነካ ብቻ ነው። «ሀ»ን ለማጥፋት ይሰግድ ነበር ማለት ይቻላል። ፍታው ብለው «እማዬ ትገድለኛለች» አለኝ። ተውኩት።

ሽንት ደግሞ ተላላፊ ነው። ይሄን ኮሌጅ አልነገሩንም። አንዱ «ቲቸር፣ ሽንቴ መጣ» አለ። «ሂድ» አልኩ። ልክ እንደ ፈቀድኩ አሥራ አንድ እጅ ወጣ። ከልክዬ አንዷ ብታመልጣትስ? ፈቅጄ ክፍሉ ባዶ ቢቀርስ? ሜንተሬ ከኋላ ሆነው ያያሉ። በዕረፍት ሰዓት «የኔ ልጅ፣ ለሚሄደው ዳስተሩን አስይዘው። ዳስተሩ ሳይመለስ ሌላ አይወጣም» አሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ካነበብኩት ሞጁል ሁሉ ይቺ ትበልጣለች። ሁለት ቀን ሠራች። በሦስተኛው ቀን ዳስተሩ ሽንት ቤት ገባ።

አለቃውንም ሳላነሳ አላልፍም። አለቃ ማለት መምህር በሌለበት የረባሽ ስም የሚጽፍ ባለሥልጣን ነው። የኛ አለቃ አንድ ችግር ነበረበት፤ ገና መጻፍ አልለመደም። ግን ይጽፋል። ስመለስ ሰሌዳው ላይ አራት አምስት የተጣመሙ መስመሮች አገኛለሁ። «ይሄ ማን ነው?» ስለው ጽሑፉን አያይም፤ ዞሮ ክፍሉን ያያል፣ ቀስ ብሎ ከዳር እስከ ዳር፣ ከዚያ ቆሎ ያልሰጠውን ልጅ ይጠራል። ነገ ትልቅ ቦታ ይደርሳል ያልኩት ያኔ ነው።

ረቡዕ ዕለት ትምህርቱን ጀመርኩ። ሱፐርቫይዘሩ ከኮሌጅ የሚመጣው ሐሙስ ነው። ረቡዕ ልሞክረው፣ ሐሙስ ተለማምጄ ልድገመው ብዬ ነው። ተንኮል አይደለም፣ ሁላችንም እንደዛ ነበር የምናደርገው።

ሁለት ሌሊት የሣልኩትን ቻርት ሰቀልኩ። እኔ ሰሜን ሸዋ ገጠር ያደግኩ፣ ከብት ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ላም ከኔ በላይ ማን ያውቃታል?

«ቲቸር፣ ይሄ ውሻ ነው?»

«ላም ናት።»

«ለምን ታዝናለች?»

ወደ ትርጉሙ አለፍኩ። በቀይ ማርከር በትልቁ ጽፌዋለሁ፦ የቤት እንስሳት ማለት ከሰው ጋር በቤት የሚኖሩ፣ ሰው የሚመግባቸው እንስሳት ናቸው። የዱር እንስሳት ማለት በጫካ የሚኖሩ፣ ራሳቸውን የሚመግቡ ናቸው። ያሰቀለችኝ ይቺ ትርጉም ናት። በገዛ እጄ፣ በገዛ ማርከሬ።

«በግ የምን እንስሳ ነው?»

«የቤ—ት!» ጣራው ተነሣ። ልቤ ሞቀ። ተራ ቁጥር 41 ግን እጇን አላወረደችም።

«ቲቸር፣ እኛ ቤት ግን ለሁለት ቀን ብቻ ነው።»

«እንዴት ለሁለት ቀን?»

«ለፋሲካ። ከዚያ ሌጦ ነው።»

ልክ ናት። ምን ይባላል? ኮሌጅ «ልጅን ተሳስተሃል አትበሉት፣ ሞክረሃል በሉት፣ አጨብጭቡለት» ብሎናል። አስጨበጨብኩላት። ይሄ ሁለተኛው ስህተቴ ነው። ልጆቹ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ልክ ለመለሰ ጭብጨባ የለም፣ ልክ መመለስ ግዴታ ነው፤ ለየት ያለ ነገር ላመጣ ግን ሞቅ ያለ ጭብጨባ አለ።

«አንበሳ የት ይኖራል?»

«ፌርማታ!»

ጭብጨባ።

«የአንበሳ አውቶብስ አይደለም የጠየቅኩት። እንስሳው አንበሳ።»

«ስድስት ኪሎ!»

ስድስት ኪሎ ከትምህርት ቤቱ ቁልቁል ትንሽ ነው። የአንበሳ ግቢው ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ እዚያው ነበር፤ ልጆቹ በእግር ሄደው አይተውታል። ተራ ቁጥር 5 ብድግ ብሎ አስረዳን፤ አንበሳው ቤት አለው፣ በሩ ይቆለፋል፣ ሥጋ የሚሰጠው ሰው አለ፣ ዘበኛም አለው። «ስለዚህ የቤት ነው» አለና ቁጭ አለ። ቀይዋን ትርጉም አየኋት። ከሰው ጋር የሚኖር፣ ሰው የሚመግበው። አጨበጨብን።

«ዋልያስ? ዋልያ የት ነው የሚገኘው?» ይቺን እርግጠኛ ነበርኩ። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች ሌላ ዓለም ላይ የትም የለም።

ግማሹ ክፍል «ስታዲየም!» አለ። ግማሹ «ግሮሰሪ!» አለ። ግሮሰሪ ያሉት በዙ።

በጅብ ነገሩ ይስተካከላል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ጅብ የዱር ነው፤ እኛ አገር የጎረቤት ጥጃ በልቶ ያደረ ጊዜ እናቶች እንደ ሰው ነው ያለቀሱት፣ በዚህ ማንም አይከራከረኝም። ተራ ቁጥር 36 ግን ቤታቸው እንጦጦ መውጫ ላይ ነው።

«ቲቸር፣ ጅብ ማታ እኛ ሰፈር ነው የሚመጣው።»

«ቀንስ የት ነው?»

«ቀን ጫካ ይውላል፣ ማታ ይመጣል። እንደ አባዬ።»

አባቱ እንጦጦ የደን ጥበቃ እንደሆኑ በኋላ ነው የሰማሁት። በሰዓቱ ግን ጫካ ውሎ ማታ ቤቱ የሚገባ ፍጡር የቤት ነው የዱር የሚለውን መመለስ አቃተኝ።

ወደ እንስሳት ጥቅም ሮጥኩ። ላም? ወተት። ዶሮ? እንቁላል። ተመስገን። ንብ ምን ትሰጠናለች?

«ብድር!»

የመለሰችው ልጅ አባት ሱቅ ሊከፍቱ ከንብ ባንክ ሲበደሩ ሰምታ ነው። ጭብጨባውን አላቆምኩትም፤ ማርም ሆነ ብድር ዞሮ ዞሮ መናደፉ አይቀርም ብዬ።

ቀጥሎ የቡድን ውይይት። አሳታፊ የማስተማር ዘዴ ያለ ቡድን አይሆንም። ስድስት ስድስት ሆናችሁ፣ ካርዱ ላይ ያሉትን እንስሳት መድቡ፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ ምረጡ አልኩ። ዴስክ ተጎተተ። ጣት ተቆነጠጠ። ሁለት ክስ ቀረበ። ከዚያ አሥር ቡድን ሙሉ ልቡን ሰጥቶ ውይይት ጀመረ። ደስ ብሎኝ ዞር ዞር ብዬ ሳዳምጥ የሚወያዩት ሰብሳቢ ማን ይሁን በሚለው ላይ ነው። በስምንተኛው ደቂቃም እዚያው ናቸው። ጸሐፊ መሆን የፈለጉ ሁለት ልጆች ተደባደቡ፤ ሁለቱም መጻፍ አይችሉም። አባቶቻቸው ዕድር ላይ የሚያደርጉትን ነው የሚያደርጉት፣ የኛ ልጆች አይፈረድባቸውም።

«ጊዜ አልቋል! ቡድን አንድ፣ ምን ተስማማችሁ?»

ሰብሳቢዋ ተነሣች። «ተወያይተናል። ጥሩ ነበር።»

«ምን ላይ ተስማማችሁ?»

«እሷ ከኛ ቡድን እንድትወጣ።»

እሷ የተባለችው ማልቀስ ጀመረች። እሷን ሳባብል ቡድን አራት ሳይጠራ ተነሣ። ሰብሳቢው ተራ ቁጥር 23 ነው። ጥርሱ ፊት ለፊት ሁለቱ ወልቀዋል፣ ሲናገር ያፏጫል።

«እኛ አይጥን የቤት ብለናል።»

አይጥ ካርዱ ላይ የለችም። ቻርቱ ላይ የለችም። መጽሐፉ ላይም አላየኋትም።

«አይጥ አልተጠየቀችም» አልኩ።

«የምትኖረው ግን እኛ ቤት ነው።»

«አዎ፣ ግን...»

«ማታ ኮርኒሱ ላይ ትሮጣለች። እኛ ቤት አምስት አሉ።»

«እኛ ቤት አሥር አሉ!» አለ ሌላው።

«እኛ ቤት መቶ!»

«እኛ ቤት ሺ! አንዷ ድመታችንን ታክላለች!»

አይጥ ያልነበረው ቤት የለም፤ ያልነበረው ካለም አፍሮ ዝም ብሏል። ቀና ብዬ ቀይዋን ትርጉም አነበብኳት። ከሰው ጋር በቤት የሚኖሩ። ይኖራሉ። ሰው የሚመግባቸው። «እናንተ ትመግቧታላችሁ እንዴ?» አልኩ፣ አገኘኋት ብዬ። «እንጀራችንን ትበላለች» አለ 23። መልስ ነው። በመጨረሻ ያለችኝን ካርታ መዘዝኩ፤ «የቤት እንስሳ ለሰው ጥቅም ይሰጣል። አይጥ ምን ጥቅም ትሰጣለች?»

ክፍሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። አሸነፍኩ ብዬ ጠመኔዬን ሳነሳ ተራ ቁጥር 9 አገጩን ከደብተሩ ላይ አንሥቶ «ለድመት ምግብ» አለ።

«ድመትስ ምን ትጠቅማለች?»

«አይጥ ትበላለች።»

ደወሉ ባይደወል ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበርኩ።

ሊወጡ ሲሰለፉ በሩ ላይ ቆሜ ታሪካዊውን ስህተት ሠራሁ። «ልጆች፣ ነገ እንግዳ ይመጣል። የዛሬውን ነው የምንደግመው። ነገ ግን ስለ አይጥ አናወራም። እሺ?»

«እሺ ቲቸር!» አሉ፣ አንድ ሳይጎድል። ሜንተሬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ምንም አላሉኝም።

ሐሙስ ሱፐርቫይዘሩ መጣ። ቅጹን ይዞ ከኋላ የልጅ ዴስክ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ጆሮው ደረሰ። 58ቱም ፊታቸውን ወደሱ አዞሩ። እኔ ከጀርባቸው ጋር ነው የማወራው።

«ደህና አደራችሁ ልጆች?»

«የቤ—ት!»

ሱፐርቫይዘሩ የሆነ ነገር ጻፈ።

ከዚያ በኋላ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ሄደ። በግ የቤት፣ ጅብ የዱር፣ ዋልያ ሰሜን ተራሮች፣ ንብ ማር። አደራዬን ጠብቀዋል። ጭብጨባ አስቀርቼ ለልክ መልስ ብቻ «ጎበዝ» እላለሁ። አንድ ልጅ ሽንቱ ቢመጣም አዲሱን ዳስተር ይዞ ሄዶ ይዞ ተመለሰ። ግን ልጆቹ ፊት ላይ አንድ ነገር አለ። አፋቸውን ገጥመዋል፣ ጉንጫቸው ተነፍቷል፣ እርስ በርስ ይተያያሉ። እያንዳንዱ ልጅ አፍ ውስጥ አንዳንድ አይጥ ታፍናለች። ሁለት ደቂቃ ብቻ ቀርቶኛል፤ ያቺን ካለፍኩ ዲፕሎማዬን ያዝኩ ማለት ነው። በዚህ መሐል ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ከኋላ ተነሣ።

«ልጆች፣ ጥያቄ ያለው አለ?»

ዝም። ከዚያ 23 እጁን አወጣ። እያየሁት ነው፤ ዓይኔን አፍጥጬ አየሁት፣ «አየኝ» ብሎ ሊከሰኝ የሚችል አስተያየት ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፣ ወደኔ ዞሮ ፈቃድ ጠየቀ።

«ቲቸር፣ ስለዚያ ነገር ልጠይቅ?»

«የትኛው ነገር?» አለ ሱፐርቫይዘሩ።

«አታውሩ የተባለው።»

«ምንድን ነው አታውሩ የተባላችሁት?»

58 አፍ በአንዴ ተከፈተ። «አይጥ!»

ያ ድምፅ እንጦጦ ማርያም ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ሱፐርቫይዘሩ ወደኔ አየ። እኔ ላሟን አየሁ። እውነትም ታዝናለች።

ሰውዬው የተማረ ነው፣ ነገሩን ቶሎ ሊዘጋው ፈለገ። «አይጥ የዱር እንስሳ ናት» አለ።

«እርስዎ ቤት የለችም?» አለ 23። ፉጨት አለው፣ ግን ትሕትናውም አለው።

ሱፐርቫይዘሩ ትንሽ አሰበ። ሊዋሽ ይችል ነበር። «አለች» አለ።

«ዱር ነው የሚኖሩት?»

ደወሉ ተደወለ። እሱንም ያዳነው ደወሉ ነው።

በሻይ ሰዓት ክበቡ ውስጥ ጉዳዩ ቀጠለ። ሱፐርቫይዘሩ ሰው የሚያረባው ነው የቤት የሚባለው አለ። የስፖርት መምህሩ «ታዲያ ድመትን ማን ያረባል? ራሷ አይደል እንዴ የምትረባው» አሉ። አንዷ መምህርት እርግብን አመጡ፤ እርግብ ቤት የሠሩላት የቤት ናት፣ ያልሠሩላትስ? አንዱ ጣራ ላይ የምታድረው የዱር ናት ሲል ሌላው ጣራው የማን ነው አለ። ሰብሳቢ ቢኖረን ይሻል ነበር። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ብስኩቱ አለቀ፣ ሁለት ሰዎች ድምፃቸው ከፍ ብሏል። ሜንተሬ ዳር ይዘው ቡናቸውን ፉት ሲሉ ቆዩና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ክበቡ ዝም አለ።

«አይጥ ተባይ ናት» አሉ።

ማንም አልተናገረም። እንዲህ ቀላል ነገር ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስለቅሰኝ።

«እትዬ፣ ረቡዕ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ የኔ ልጅ? ዕቅድህ ላይ የቤትና የዱር ብቻ አይቼ ሦስተኛውን አስበህበት ትተኸው መስሎኝ።»

የግምገማ ቅጹ ዛሬም አለኝ፤ ከዲፕሎማዬ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የድምፅ አወጣጥ፣ ከ5 አራት። የመርጃ መሣሪያ ዝግጅት፣ ከ5 ሦስት፣ ከጎኑ «ውሻው ጥሩ ተሥሏል» የሚል አለበት። የክፍል አያያዝ ላይ የሰጠኝን አልነግራችሁም። ከታች አስተያየት በሚለው ቦታ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል፦ «መምህሩ በአይጥ ላይ ያለው አቋም ግልጽ አይደለም።»